ያልተጠራው ድንጋይ

የበደለኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። የበደለኝም ከቢቸና ወደ ዓባይ በሚያወርደው አፋፍ ሥር ገደሉ በተናደ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ነበሩ፤ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አጎት አንቱ ይባላል፤ እኔም እንዲያ እያልኩት ነው ያደግሁት። እዚህ ግን እሱ እለዋለሁ። ስሙን አልጽፍም። የከበረ ስም ስለሆነ አይደለም፤ ልጆቹ በሕይወት ስላሉና ከእነሱ ጋር የምነጋገረው ነገር ስለሌለኝ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው የመሬት ክርክር ብቻ ይመስለው ይሆናል። መሬትም አለበት። ዕድሜዬን ሙሉ ያንገሸገሸኝ ግን ሌላ ነው። ድንጋይ ከገደል ወርዶ ሜዳ ለሜዳ ለምን ያን ያህል እንደሚሮጥ አጎቴ አያውቅም ነበር። ማናችንም አናውቅም ነበር። ባለማወቁ አልቀየምኩትም። አለማወቁን አጥቦ፣ ነጭ ጋቢ አልብሶ፣ በሕዝብ ፊት ፍርድ አድርጎ ማቆሙን ነው የማልተውለት።

መንደራችን ከቢቸና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከላይ ጥቁር ገደል አለ። ወገቡ ላይ ዙሪያውን የሄደ ቀይ የድንጋይ መስመር ነበረውና ሴቶቹ መቀነቱ ይሉት ነበር። ከገደሉ ሥር ቁልቁለት አለ፤ ከቁልቁለቱ ቀጥሎ ክረምት ላይ ውሃ የሚቋጥር ሰፊ መስክ፣ ከመስኩ ወዲህ የአጎቴ ጥቁር አፈር፣ ከዚያ ወዲህ የእኛ ቤት፣ ከቤታችን ጀርባ የእናቴ ቀላ ያለ ማሳ። ጠዋት ከደጃችን የተነሳ ሰው ገደሉ ሥር ሲደርስ የሣሩ ጤዛ ረግፎ ያገኘዋል። ርቀቱ ይህን ያህል ነበር።

ርስቱ የአያቴ ነው። አያቴ ሲሞቱ ሁለቱ ልጆቻቸው ተካፈሉት። ጥቁሩን አፈር የመረጠው አጎቴ ነው፤ «ታላቅ ነኝ» ብሎ መረጠ። እናቴ ባሏ ሞቶባት እኔን በጡት ይዛ ስለነበር ክርክር አላነሳችም። የተረፈውን ወሰደች።

ገደሉ የተናደው በነሐሴ መጨረሻ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ረፋድ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘንቦ ያን ዕለት ገና ማባራቱ ነበር። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ባዶ እንስራዋን ልታዝል አጎንብሳለች፤ እኔ ገመዱን ይዤላታለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የነጎድጓድ አልነበረም፤ ወፍራም ሸራ ሲቀደድ እንደሚሰማው ያለ ነበር። ቀና ስል መቀነቱ ቦታው ላይ የለም። ዝቅ ብሏል። ሳይቆረጥ፣ ሳይጣመም፣ እንዳለ ዝቅ ብሏል።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ድንጋይ መሆኑን አይቻለሁ። መስኩ ላይ ሲደርስ ግን ድንጋይ መሆኑ ቀረ። ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ግንባሩ ከፍ ብሎ እንደሚታየው፣ ግንባር አውጥቶ መጣ። ድንጋይ ሜዳ ሲያገኝ ይቆማል፤ እኛ የምናውቀው ይህን ነው። ያ ግን ሜዳውን ሲያገኝ የባሰበት መሰለ። ከፊቱ ነፋስ ይነዳ ነበር። ነፋሱ ቀድሞ ደረሰና የቤታችንን ሣር ክዳን በአንድ ወገን ገልብጦ ጣለው፤ እኔንና እናቴን መሬት ላይ አነጠፈን። ከዚያ ዝም አለ። ስንነሳ እንስራው ከእናቴ እጅ አልወጣም፤ ድንጋዩም ከአጥራችን አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ቆሟል። የላዩ አቧራ ገና ይጨሳል፤ የተፋጨ ባልጩት ይሸታል። ነገሩ ሁሉ አንዲት ሴት እንስራ አዝላ ቀና እስክትል በሚፈጀው ጊዜ ተጀምሮ አለቀ።

ገደሉ ሥር ይኖሩ የነበሩ አንድ አሮጌ ንብ አናቢና ባለቤታቸው ከነቤታቸው ጠፉ። እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። አጎቴ ቤቱ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ስለነበር እሱና ቤተሰቡ ተረፉ፤ መስኩ ላይ ታስሮ የነበረው በሬውና ጥቁር አፈሩ በሙሉ ግን ድንጋዩ ሥር ቀሩ። የእናቴ ማሳ አቧራ ከመልበሱ በቀር አንድ ጠጠር አልወደቀበትም።

በማግስቱ መጣ። እናቴ ቅቤ የበዛበት የገብስ ገንፎ አቀረበችለት። በሬውን ያጣ ሰው ነው ብላ የነበራትን ቅቤ ሁሉ ነው የጨመረችው። በላ። እንዴት እንደበላ አልረሳውም። ሰው ከነቤቱ ተቀብሮ ገና አንድ ሌሊት ማደሩ ነው፤ እሱ የገበታውን ዙሪያ በጣቱ እየጠረገ ይልስ ነበር። ሲጨርስ ተነስቶ በራችን ላይ ቆመና የቅቤ እጁን በመቃናችን ላይ ጠረገ። ውሃ ቀርቦለታል፤ አላየውም። ዓይኑ ማሳችን ላይ ነበር።

«ያንቺ ምንም አልሆነም» አለ።

«እግዜር ጠበቀኝ፣ ወንድማለም።»

«የኔን አልፎ መጥቶ ካንቺ ደጅ ቆመ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ግባ ልበለው ነበር?»

እናቴ በሰው ኀዘን ውስጥም ቀልድ የምትጥል ሴት ነበረች። እሱ አልሳቀም። የሦስት ጣቱ ቅባት ግን መቃናችን ላይ ቀረ። አመድ ፈተግሁበት፤ አልለቀቀም።

እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ቤት ለቤት ዞረ። «ድንጋዩን ግባ ልበለው ወይ ብላኛለች፤ በጆሮዬ ሰማሁ» እያለ ዞረ። ከዚያ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሕዝቡ ሳይበተን ተነስቶ ቆመ። ጋቢው ታጥቧል። መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ተፋ፤ ከዚያ ጀመረ።

«ወገኖቼ፣ ድንጋይ የሚሄድበት ልክ አለው። ሰው ልክ አለው፣ በሬ ልክ አለው፣ ድንጋይም ልክ አለው። እኔ በማንም ላይ አልፈርድም። ወጥተን ድንጋይ እናንከባልና እስከ የት እንደሚሄድ እንይ። ከልኩ ያልፍ እንደሆነ እኔ ዋሾ ነኝ።»

በአገራችን የድንበር ክርክር ሲነሳ ሽማግሌዎች ቦታው ድረስ ሄደው፣ ረግጠው፣ አይተው ነው የሚናገሩት። ጥሩ ልማድ ነው። ሳያዩ አይፈርዱም። አጎቴ የያዘው ይህን ጥሩ ልማድ ነው፤ ይበልጥ የሚያስመልሰኝም ይኸው ነው። ከሁሉም አንጋፋ የሆኑት፣ ድንበር አዋቂ የሚባሉት አዛውንት ትንሽ አሰቡና «ማየቱ አይከፋም» አሉ። ሕዝቡ ተነሳ። ልጅ ያዘሉ ሴቶች ሳይቀሩ ሽቅብ ወጡ። እናቴም ወጣች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ወጣሁ።

ገደሉ ከተቆረጠበት አፍ ላይ ሦስት ድንጋይ ተመረጠ። የመጀመሪያው ከቁልቁለቱ ሳይወርድ ቁጥቋጦ ይዞት ቀረ። ሁለተኛው ትልቅ ነበር፤ ስድስት ወንዶች በእንጨት ፈንቅለው ነው የለቀቁት። ሲዘል ሕዝቡ «ሂድ! ሂድ!» እያለ ጮኸ። ሁለት ሰው ያለ ቀብር ከሥር ተኝቷል፤ ከላይ ጭብጨባ ነበር። ድንጋዩ ዘለለ፣ ነጠረ፣ ከቁልቁለቱ ጫፍ የመስኩን ጭቃ ነካና ሰምጦ ቆመ። ሦስተኛው መንገድ ላይ ተሰነጠቀ።

አጎቴ ፊቱን ወደ እናቴ አዙሮ ለሕዝቡ ተናገረ።

«ድንጋይ በራሱ እግር የሚደርሰው እዚህ ነው። ከዚህ ወዲያ የሄደው ተጠርቶ ነው።»

«እኔ ዶሮ ስጠራ እንኳ አትመጣልኝም፤ ገደል ልጥራ?» አለች እናቴ።

አንድ ሰው ሳቀ። አንድ ብቻ። ሌሎቹ ወደ አዛውንቱ አዩ። አዛውንቱ «እኔ የማየውን ነው የምናገረው። ድንጋዩ መስኩን አላለፈም» አሉ። ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመሩም። አላስፈለገም።

እኔ ያኔ ገብቶኝ ነበር። ይህን ስጽፍ ለራሴ ክብር ፈልጌ አይደለም፤ ለማንም ልጅ የሚገባ ነገር ስለነበር ነው። ያን ዕለት የወረደው አንድ ድንጋይ አልነበረም። አፌን ከፈትኩ፤ እናቴ መዳፏን አፌ ላይ ጫነች። መዳፏ አመድ አመድ ይል ነበር። ዓይኔን ሳነሳ አዛውንቱ ያዩኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሳጥሬ እጽፋለሁ፤ ባስረዝመው ያቅለሸልሸኛል። ማንም እጁን አላነሳብንም። አጎቴ ያን ያህል ሞኝ አልነበረም። ውሃ ስንወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ያነሳሉ፤ እኛ እስክንርቅ ዘወር ብለው ይቆያሉ። ልጆቻቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ለአጨዳ ደቦ ጠራን፤ ጠላ ተጠምቆ ማንም ሳይመጣ ኮመጠጠ። ጤፉን እኔና እናቴ ሁለታችን አጨድነው። የእርሻ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ዋናው ነገር መጣ። እኛ ያለን አንድ በሬ ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ተራ በተራ ያርሳሉ። ሴት ደግሞ እርፍ አትጨብጥም፤ የሚያርስላት ሰው ያስፈልጋታል። ያን ዓመት ከእኛ በሬ ጋር በሬውን የሚያጣምድ ሰው ጠፋ። «እታለም፣ እኔስ ምንም አላልኩ፤ ሚስቴ ፈርታ ነው» ይላል አንዱ። «በሬዬ አሞታል» ይላል ሌላው፤ በሬው ከኋላው ቆሞ ያመሰኳል።

ማሳው ጦም አደረ። ክረምት ሲቃረብ አጎቴ የሌላ ሰው በሬ አዲስ ከገዛው በሬ ጋር አጣምዶ መጣ። «የአባቴ መሬት ጦም አያድርም» አለና ገባበት። እናቴ በር ላይ ቆማ አየችው። አልጮኸችም። በሬያችንን ሸጥን፤ ዕቃችንን አሰርን፤ ሞጣ ገባን።

ሞጣ ላይ አንዲት የሙስሊም ነጋዴ ባልቴት ከጓሯቸው አንድ ክፍል ሰጡን። እናቴ ጥጥ ትፈትልላቸው ነበር። ሴትዮዋ ከየት እንደመጣን ሲጠይቁ እናቴ አልደበቀችም፤ ኋላ ከሰው ከሚሰሙ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሴትዮዋ እንዝርቱን አቆሙና፣

«ገደል መጥራት የምትችል ሴት እኔ ቤት ጥጥ ስትፈትል ትውላለች?» አሉ። «የምትችይስ ከሆነ ጨዉን ከገበያ ጥሪልኝ፤ ከአህያ ነጂ ጋር ከምጨቃጨቅ።»

እናቴ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ይህን ያህል ቀላል መልስ ያጣ መንደር ውስጥ መወለዴ ነው የታሰበኝ።

ትምህርት ቤት ገባሁ። ከዚያም ለመምህርነት ተምሬ እዚያው ሞጣ ተመደብኩ። እንደኔ አዲስ የመጣ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ጫማው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት፣ «ከገደል የወረደ ድንጋይ ሜዳ ላይ ለምን ይሮጣል?» አልኩት። ለምን እንደጠየቅኩ አልነገርኩትም።

«ስንት ድንጋይ ነው፣ መምህርት?» አለኝ።

 ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ ይህን አንድ ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«ገደሉ በሙሉ» አልኩት።

«እንደሱ ከሆነ አላውቅም። እጠይቃለሁ።»

ከሳምንት በኋላ የተዋሰውን መጽሐፍ ይዞ መጣና የገባውን ያህል ነገረኝ። አንድ ድንጋይ ሲወርድ ከመሬት ጋር ብቻውን ይጋጫል፤ በየግጭቱ ጉልበቱን ይከፍላል፤ ቶሎ ይደክማል። ብዙ ሆኖ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ግን የኋላው የፊቱን ይገፋዋል። እርስ በርሱ እየተፋጨ ይደቅቃል፤ የደቀቀው እንደ ፈሳሽ ይሄዳል። ከሥሩ ውሃ የጠገበ መስክ ካገኘ ደግሞ ጭቃው ይጨፈለቃል፤ ውሃው መውጫ ያጣና ክብደቱን ይሸከመዋል። ያኔ ድንጋዩ መሬቱን እየፈተገ ሳይሆን ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ይሄዳል። የሚወርደው በበዛ ቁጥር ርቀቱም ይጨምራል።

«አንዳንዶቹ ደግሞ ከሥሩ የታፈነ አየር ይሸከመዋል ይላሉ» አለ። «ሌሎቹ አይሆንም ይላሉ። ገና አልተስማሙም።»

አልተስማሙም። ዕድሜያቸውን በዚህ ላይ የጨረሱ ሰዎች ያልተስማሙበትን አጎቴ በአንድ እሑድ፣ በሦስት ድንጋይ፣ መፋቂያውን ሳያደርቅ ጨረሰው። ካረጀሁ በኋላ ደግሞ እንዲህ ያለው ናዳ በጨረቃ ላይም ሜዳ አቋርጦ እንደሮጠ አነበብኩ። ጨረቃ ላይ አየርም የለም፤ ርጥብ መስክም የለም። እዚያ የጠራው ማን ይሆን? ወንድሟ ርስት የጎመጀባት ሴት እዚያም ነበረች?

መምህሩ አንድ ቅዳሜ ቤታችን መጣ። የእናቴን ቁርበት ወሰድንና ግማሹን መደቡ ላይ አጋድመን፣ ግማሹን ወለሉ ላይ ዘረጋነው። መጀመሪያ ከላይ ቁንጥር ጤፍ ጣልኩ። ቁርበቱ ላይ ትንሽ ተንሸራቶ ቀረ። ከዚያ ላዩን በጣውላ ገድበን ከኋላው አንድ ቁና ሙሉ ነጭ ጤፍ ከመርንበት። መምህሩ ገደሉ ምን ይመስል እንደነበር ጠይቆኝ ነበርና፣ በክምሩ መካከል አንድ መስመር ቀይ ጤፍ አስገባ። ጣውላውን በአንድ ጊዜ አነሳሁ። ጤፉ ሽው ብሎ ወረደ፤ ወለሉ ላይም አልቆመም፤ ቁርበቱን ጨርሶ ሊያዩ የመጡት የቤቱ ባለቤት ባልቴት እግር ሥር ደረሰ። ቀዩ መስመር ሰፋ አለ፤ ጎበጥ አለ፤ ግን አልተበተነም። ከፊቱ ነጭ፣ ከኋላውም ነጭ ሆኖ በቦታው ነበር።

እናቴ እንዝርቷን ይዛ ጎንበስ አለች።

«መቀነቱ» አለች።

የናዳው ድንጋይ ላይም እንዲህ ነበር። ልጅ ሳለሁ እየወጣሁበት አይቼዋለሁ፤ ጥቁር፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ገደሉ ላይ እንደነበረው በተራው ተኝቷል። ተጠርቶ እየዘለለ የመጣ ነገር ተራውን አይጠብቅም። ሁሉም አብሮ፣ እንደ አንድ አካል ነው የተንሸራተተው። መምህሩ «ጤፍ ድንጋይ አይደለም፤ ሁሉንም አያሳይም» አለ። «አንዱ የማያደርገውን ብዙው እንደሚያደርግ ግን ያሳያል።» እናቴ መጥረጊያ አመጣችና «እህል ነው፤ አትጫወቱበት» ብላ ጤፉን መሰብሰብ ጀመረች።

በዚያው ዓመት፣ በበጋው ዕረፍት፣ ቁርበቱን፣ ጣውላውንና ጤፉን ጭኜ በጭነት መኪና ቢቸና ወረድኩ። እናቴ አልመጣችም። ከቢቸና በእግሬ ሄድኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አጎቴ ቆሞበት በነበረው ቦታ ቁርበቱን የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግንብ ላይ አጋድሜ ዘረጋሁት። ሰው ተሰበሰበ። አጎቴ ሸብቷል፤ ወፍሯል፤ የእናቴ ማሳ ተስማምቶታል። አዛውንቱ ዓይናቸው ደክሞ በዘንግ ይመሩ ነበር።

«አባባ፣ ድንጋዩን ያዩት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። «ይኼንንም ይዩልኝ።»

«ዓይኔ አያይም፣ ልጄ። የት ልቀመጥ?»

ቁርበቱ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ መዳፋቸውን መሬት ላይ አኖሩ። ቁንጥሩን ጣልኩ።

«ደረሰዎት?»

«አልደረሰኝም።»

«ይኼ አጎቴ ያንከባለለው ድንጋይ ነው።»

አጎቴ ከኋላ ሆኖ፣ «ጤፍ ድንጋይ ነው እንዴ? ሞጣ ድንጋይ ይጋግራሉ?» አለ። ሰዉ ሳቀ። የሰው ሳቅ የት እንደሚያድር ስለማውቅ አልደነገጥኩም። ቁናውን ከጣውላው ኋላ ገለበጥኩና ጣውላውን አነሳሁ። ጤፉ ወርዶ የአዛውንቱን ጣቶች ቀበራቸው። እጃቸውን አላነሱም። ጤፉ ውስጥ ጣታቸውን አንቀሳቀሱ።

«ደረሰኝ» አሉ።

«አባባ፣ ቀልድ ነው እኮ…» ሲል አጎቴ፣

«አንተ ዝም በል። ያየሁት እኔ ነኝ፤ የተናገርኩትም እኔ ነኝ። አንድ አንድ እያልን አንከባለልን። የመጣው አንድ አልነበረም።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ያን ዕለት እናትሽ አፍሽን ስትይዝ አይቻለሁ። ምን ልትይ ነበር?»

«ይኼንኑ።»

አዛውንቱ ጤፉን ከእጃቸው አራገፉ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ፤ እዚያው ማሳው ለእናቴ እንዲመለስ ተናገሩ። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። ሽማግሌ ጥፋቴ ነው ሲል የሰማሁት በሕይወቴ ያን አንድ ቀን ነው።

አሁን አጎቴ ያደረገውን ልጻፍ፤ እስከ ዛሬ ምራቄን የሚያስተፋኝ እሱ ነው። ተከራከረ ብል ይሻለው ነበር። አልተከራከረም። ሽማግሌዎቹ ተናግረው ሳይጨርሱ መሐል ገብቶ፣ «እኔማ ድሮስ ምን አልኩ? ሽማግሌ ያለውን ነው የተቀበልኩት» አለ። የአዛውንቱን ትከሻ ይዞ፣ ወደ ሕዝቡ እያየ፣ «እሳቸው ናቸው መስኩን አላለፈም ያሉት» አለ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ አንገቴን ሊስም እጁን ዘረጋ። ወደ ኋላ አልኩ። ሰው ሁሉ አይቶ ባለጌ ተባልኩ። እሺ።

ከወር በኋላ ሞጣ ድረስ መጣ። በቅል ቅቤ ይዟል። እናቴ እግር ሥር ወድቆ አለቀሰና እንባው ሳይደርቅ ማሳውን እኩል እንዲያርስላት ጠየቃት። እናቴ ይቅር አለችው። «ወንድሜ ነው» አለችኝ። «መሬቱን ራስህ እረስ» አለችው። ወደ መንደሩ መመለስን ግን አልፈለገችም፤ «ሰላምታ የነሡኝ ቦታ ሄጄ ሰላምታ አልለምንም» አለች። ቅቤውን ራሷ ላይ አደረገችው። በራሷ ላይ ሲቀልጥ እያየሁ ከቤት ወጣሁ። ይቅር የማለቱ መብት የእሷ ነበር፤ እሷ ተጠቀመችበት። እኔ የራሴን አልሰጠሁም።

እናቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞጣ ላይ ሞተች። ለአጎቴ መርዶ አልላክሁም። እኔ፣ የቤቱ ባለቤት ባልቴት፣ መምህሩና የሰፈሩ ሰዎች ቀበርናት። ተዝካሯ ካለፈ በኋላ ከገበያ ሰምቶ መጣና ደጄ ላይ ጮኸ። የማስተምረው ክፍል ነበረኝ፤ ደብተሬን ይዤ በአጠገቡ አልፌ ሄድኩ። በሚቀጥለው በጋ ወደ መንደሩ ወርጄ ማሳውን ነጠቅሁትና ለአዛውንቱ የልጅ ልጅ እኩል እንዲያርሰው ሰጠሁ። ከዚያ የቀረውን ቤታችንን አስፈረስኩ። አጎቴ የቅቤ ጣቱን የጠረገበትን መቃን ለብቻው አስነቅዬ አስፈለጥኩት፤ ለሠራተኞቹ ምሳ አበሰልኩበት። በማግስቱ ሞጣ ተመለስኩ።